«ሲስተር፣ እናቴ ክኒኗን ለሁለት እየከፈለች ነው»

ሰላም ውድ አንባቢዎች። ለዚህ እትም አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። ሁሉም ግን በየራሳቸው መንገድ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁኝ፦ መንግሥት ወጪ ሲቀንስ የሰው ጤና ምን ይሆናል?

አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ ነርስ ነኝ። 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጨረሻዎቹን 12 ዓመታት ያሳለፍኩት የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የመጀመሪያው ደብዳቤ ሆዴን ያላወሰው። መልሱም ረዘም ብሏል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እንደምን አሉ? እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት። እስከ ባለፈው ዓመት ከመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቷን በነፃ ነበር የምትወስደው። በጀት ተቀነሰ ተባለና ክፍያ መጣ። ለምርመራ ይከፈላል። መድኃኒቱም ግማሹ የለም፣ ከውጭ ግዙ ይባላል። ባለፈው ሳምንት ክኒኗን በቢላዋ ለሁለት ስትከፍል ደረስኩባት። ‹ግማሹም ይሠራል› አለችኝ። ወንድሜ ነገሩ አያሳስበውም። ‹መንግሥት ገንዘብ የለውም። ነፃ ስለሆነ ሰው ሳያመውም ይሄድ ነበር። ትንሽ መክፈል ጥሩ ነው› ይላል። ግማሽ ክኒን ይጎዳታል? ወንድሜስ ልክ ነው?» (ልጇ)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ስለ እናትሽ። ወንድምሽ ትንሽ ይቆየን።

አንዳንድ ክኒን መሐሉ ላይ መስመር አለው። ሐኪም አዞ ከተከፈለ ችግር የለውም። ሌላው ግን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። እሱ ሲሰበር የቀኑ መድኃኒት በአንዴ ሰውነት ውስጥ ይገባል። በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱን ከበፊቱ ይብስ የሚያስነሱም አሉ። እናትሽ የቱን እንደምትወስድ አልጻፍሽልኝም። ስለዚህ በቢላዋ መክፈሉ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያየው ይቁም።

እኔን ከቢላዋው በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሟ ይህን አያውቅም።

አንዲት ታካሚ ነበረችኝ። በየቀጠሮዋ ግፊቷ 170፣ 180 ነው። ሐኪሙ አንድ መድኃኒት ጨመረላት። አልወረደም። ሌላ ጨመረ። አሁንም ያው ነው። አንድ ቀን «እስቲ መድኃኒትሽን አሳዪኝ» አልኳት። ብልቃጡን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጥኩና ቆጠርኩ። ከሁለት ወር በፊት የወሰደችው የ30 ቀን ክኒን ነው። 11 ቀርቷል። በሦስት ቀን አንድ ክኒን ነበር የምትውጠው። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምራል። በጨመረ ቁጥር የምትከፍለው ይበዛል። በበዛ ቁጥር የምትወስደው ያንሳል። ከዚያ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በሆነ ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ሦስቱንም በሙሉ መጠን ብትሰጥ፣ ግፊቷ በአንዴ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። «ለምን አልነገርሽንም?» ስላት «አፈርኩ» አለችኝ። ሐኪሙን ዋሽታ አይደለም። የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም ብሆን ለወራት አልጠየቅኳትም፣ ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሻት ሂጂ። ያሏትን መድኃኒቶች በሙሉ ከነብልቃጣቸው ይዛችሁ ሂዱ። እሷ ካፈረች አንቺ ተናገሪ፦ «ሁሉንም መግዛት አልቻልንም፤ የቱ ነው በፍጹም መቋረጥ የሌለበት?» ይህን ጥያቄ ሐኪም ሲሰማ ማዘዣውን እንደገና ያየዋል። አንዳንዴ የማያስፈልግ መድኃኒት ዝርዝሩ ላይ ተረስቶ ይገኛል። አንዳንዴ ሁለቱን በአንድ የያዘ ክኒን አለ። በጣም ብዙ ጊዜ ደግሞ ያው መድኃኒት በንግድ ስሙ ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሹ ይኖራል። ውስጡ ያው ነው። ግፊቷ ከተረጋጋ የሁለት ወይም የሦስት ወር አንድ ላይ እንዲጽፉላት ጠይቂ፤ የመመላለሻውን ወጪ ይቀንሳል። ለአቅመ ደካሞች ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ አሠራር ካለም ማመልከቻው የት እንደሚገባ ጠይቂ። እንዲህ ያለ አሠራር ባለበት ቦታ እንኳ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

አፏ ወይም ፊቷ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ፣ ንግግሯ ከተንተባተበ ገንዘብ ሳትፈልጊ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ስትሮክ ሰዓት አይሰጥም።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። የሚለውን የሚሉ የተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም በወጣትነቴ እንደሱ አስብ ነበር። «ትንሽ ክፍያ ያልታመመውን ያስቀራል፣ የታመመውን አያስቀርም።» ሲሰሙት ያሳምናል። ደግነቱ በደንብ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ከ7,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ገሚሱ በነፃ እንዲታከም፣ ሌላው የተወሰነ እንዲከፍል በዕጣ ተመደበ። የከፈሉት ሕክምና ቀነሱ። ግን ምኑን ቀነሱ? የማያስፈልገውንም የሚያስፈልገውንም እኩል ነው የቀነሱት። እውነቱን ለመናገር፣ በአማካይ ሰው ጤና ላይ ብዙ ጉዳት አልታየም። ድሃ ሆነው ደም ግፊት ባለባቸው ላይ ግን ታየ። ነፃ የታከሙት ግፊታቸውን በተሻለ ሁኔታ ተቆጣጥረዋል። እናትሽ የምትገባው እዚህኛው ቡድን ውስጥ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ክትትል ክፍል የሠራ ሰው ያውቃል። ደም ግፊት አያምም። ስኳርም ለዓመታት ሳያሳምም ይቆያል። ጥርስ ያመመው ሰው ተበድሮም ይሄዳል። ግፊቱ 180 የሆነ ሰው ግን ደህና ነኝ ብሎ ሥራው ላይ ይውላል። ክፍያ ሲመጣ ሰው የሚቀንሰው የማያመውን ነው። የሚገድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማያመው ነው።

ኬንያም ሁለት ነገር አሳይታናለች። በ1989 መጨረሻ ናይሮቢ ውስጥ የአባላዘር በሽታ ክሊኒክ ክፍያ ጀመረ። የወንዶቹ ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። የሴቶቹም ከሲሶ በላይ ቀነሰ። የቀሩት ሰዎች በሽታቸው አልቀረም፤ ይዘውት ወደየቤታቸው ነው የሄዱት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በምዕራብ ኬንያ ትምህርት ቤቶች ለልጆች የሆድ ትል መድኃኒት በጣም ትንሽ ክፍያ ተጠየቀ። መድኃኒቱን የሚወስዱት ልጆች ቁጥር በ80 በመቶ ቀነሰ። ክፍያው ከመድኃኒቱ ዋጋ እንኳ ያነሰ ነበር። የሰውን እግር ለማስቀረት ትልቅ ክፍያ አያስፈልግም።

ወንድምሽ «ይሄ የድሃ አገር ነገር ነው» ካለሽ ግሪክን ንገሪው። በ2010 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ከአውሮፓ አገሮችና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ወሰደች። ከብድሩ ጋር ቅድመ ሁኔታ መጣ። አንደኛው መንግሥት ለጤና የሚያወጣው ገንዘብ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 6 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነበር። በ2011 የተመላላሽ ታካሚ ክፍያ ከ3 ወደ 5 ዩሮ ከፍ አለ። ደመወዝ ላለው 5 ዩሮ ምንም አይደለም። በ2013 ግን ሥራ አጥነቱ ከ27 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እዚያ አገር ደግሞ ያኔ የጤና መድን ከሥራ ጋር የታሰረ ነበር። ሥራውን ያጣ ሰው ጥቂት ቆይቶ መድኑንም ያጣ ነበር። 11 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ መድን ቀረ። ሐኪሞችና ነርሶች በፈቃዳቸው ነፃ ክሊኒኮች ከፈቱ። ሰዎች ቤታቸው የተረፋቸውን መድኃኒት እያመጡ ይሰጡ ነበር። በጥር 2014 ሆስፒታል ለሚተኛ ሰው 25 ዩሮ ክፍያ ታወጀ። ቁጣው ስለበረታ በቀናት ውስጥ ተነሳ። መድን የሌላቸው ሰዎች በሕግ መታከም የቻሉት በ2016 ነው።

ከዚያች አገር ታሪክ አንድ ቁጥር አልረሳም። በመርፌ ዕፅ ከሚወስዱ ሰዎች መካከል አዲስ ኤችአይቪ የሚገኝባቸው በዓመት ከ10 እስከ 15 ሰው ነበሩ። በ2011 ከ200 በላይ ሆኑ። ንጹህ መርፌ የማደሉ ሥራ ድሮም ጠባብ ነበር። ገንዘብ ሲጠፋ በየጎዳናው የሚሠሩት ፕሮግራሞች ጭራሽ ተቀነሱ። ንጹህ መርፌ ርካሽ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው።

ወንድምሽን እንዲህ በዪው፦ ወጪው አልጠፋም፤ ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ እናታችን ኩሽና ውስጥ ገብቷል። ቢላዋው ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እኔም ነርስ ነኝ፣ የአራት ዓመት። የምሠራበት ቦታ ቅጥር ከቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። የለቀቀ ሰው አይተካም። በአንድ ፈረቃ ሦስት የነበርነው አንዳንዴ አንድ እንሆናለን። ጓንት በቁጥር ነው የሚሰጠን። ታካሚ የሚቆጣው እኔን ነው። አለቆቼ ‹አገልግሎት አልተቋረጠም› እያሉ ሪፖርት ያደርጋሉ። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው?» (ደካማ ነርስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደካማ አይደለሽም፤ ደክሞሻል። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ጥፋቱም ያንቺ አይደለም።

«አገልግሎት አልተቋረጠም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኔም ሰምቼዋለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ታፔላው ተሰቅሏል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አገልግሎት አለ። ግን ጠዋት 12 ሰዓት ተሰልፎ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚደርሰው የቀን ሠራተኛ የዚያን ቀን ገቢውን ከፍሏል። ወረፋ ራሱ ክፍያ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ማንም አይቆጥረውም።

የሰው ኃይል ቅነሳ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ኒውዮርክን ልንገርሽ፣ ለነርስ ትልቅ ትምህርት ነው። ከተማዋ በ1975 ልትከስር ደርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒኮችና የቤት ለቤት ክትትል ተቀነሱ። በሽታው እየጠፋ ስለነበር ማንም ብዙ አልከፋውም። በ1978 ወደ 1,300 ገደማ ታማሚ ነበር። በ1992 3,811 ሆነ። ኤችአይቪና ቤት አልባነትም እሳቱን አባብሰውታል። ነገር ግን ሃርለም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች ያዩት ነገር አለ። መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከወጡት 178 ታማሚዎች 89 በመቶዎቹ ጠፍተዋል፤ ሕክምናቸውን አልጨረሱም። ቤታቸው ሄዶ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» የሚል ሰው አልነበረም። ያ ሰው ደመወዙ ተቆርጧል። መድኃኒት የተላመደው ነቀርሳ ተስፋፋ። ወረርሽኙን ለመቆጣጠር የወጣው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያዳነውም ያው የተቆረጠው ሥራ ነው፦ ታማሚው ክኒኑን ሲውጥ ቆሞ የሚያይ ሰው።

አንቺ ያ ሰው ነሽ። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ጻፊ። በየፈረቃው ስንት ሰው እንዳየሽ፣ ምን እንደጠፋ፣ ስንት ሰው ሳይታይ እንደተመለሰ በቀንና በሰዓት ጻፊና በደብዳቤ ለኃላፊሽ ስጪ፤ ቅጂውን ያዢ። የታካሚ ስም አትጻፊ። እንባ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፣ ቁጥር ግን ይገባል። ሁለተኛ፣ ለሚቆጣሽ ታካሚ እውነቱን በአጭሩ ንገሪው፦ «ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እደርስልዎታለሁ። እስከዚያው የሚያስቸግር ነገር ከተሰማዎት ጥሩኝ።» አብዛኛው ሰው ይረጋጋል። ከንቀት ይልቅ እጥረትን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባልደረቦችሽ «ክፍያው ቢነሳ ሁሉ ይስተካከላል» ሲሉ እሰማለሁና። ብቻውን አያስተካክልም። ዩጋንዳ በመጋቢት 2001 በመንግሥት ጤና ተቋማት ክፍያ አነሳች። ሕዝቡ ጎረፈ፣ በተለይ ድሃው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ግን መድኃኒቱ በየቦታው ቶሎ አለቀና ሰዉ ከግል መደብር መግዛት ቀጠለ። ክፍያው የሸፈነውን ወጪ የሚተካ በጀት ካልመጣ ሸክሙ ወደ ታካሚውና ወደ ነርሷ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ 44 ዓመቴ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጣሁ። ሰባት ወር ሆነኝ። እንቅልፍ የለኝም። ደረቴን ይጨንቀኛል። ለባለቤቴ ደህና ነኝ እላታለሁ። አንዳንዴ ባልነቃ እላለሁ። ሐኪም ቤት መሄድ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።» (አባወራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብ ማባከን አይደለም። «ባልነቃ» ያልከው ቃል በቁም ነገር የሚወሰድ ሕመም ምልክት ነው፣ ሕክምናም አለው። እባክህ ዛሬውኑ ለባለቤትህ ንገራት። «ደህና አይደለሁም» ብለህ ጀምር፣ ቀሪውን እሷ ትጠይቅሃለች። ከዚያ አብራችሁ ሂዱ። ደረትህም መታየት አለበት፤ ጭንቀት ነው ብለን ልብን ዝም አንልም። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከበረታ ብቻህን አትሁን፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ደግሞ ይህን እወቅ። ሥራ ማጣት በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሰውየው ድክመት አይደለም፤ አገር የሚያደርገው ነገር ይለውጠዋል። ፊንላንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከባድ ቀውስ ገጠማት። ሥራ አጥነት ከ3 በመቶ ገደማ ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 17 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ራሱን የሚያጠፋ ሰው ይበዛል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር። አልበዛም፤ እንዲያውም ቀነሰ። ሥራ ያጣው ሰው ገቢ ነበረው፣ ስልጠናና ሥራ የሚያገናኘው ክፍል ነበረ፣ አገሪቱም ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ሥራ አስቀድማ ጀምራ ነበር። የጎደለህ ጥንካሬ አይደለም። ሰው ነው የጎደለህ፣ ስለዚህ ሰው ጥራ።

ጥያቄ፦ «ክብርት ሲስተር፣ ዓምድዎን እከታተላለሁ። 29 ዓመት በሂሳብ ሥራ ያገለገልኩ ነኝ። የጤና ባለሙያዎች ‹በጀት አይቀነስ› ማለት ይቀላችኋል። ዕዳ ዕዳ ነው። ካልተከፈለ ነገ መድኃኒት የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪም አይኖርም። ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?» (የሂሳብ ባለሙያ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዕዳው እውነት ነው። በጀት በጭራሽ አይነካ አልልም። የት እንደሚነካ ግን እከራከራለሁ።

ግሪክን ከላይ ወቅሻለሁ፤ ፍትሐዊ ልሁን። ብክነቱ የእውነት ነበር። በ2009 መንግሥት ለመድኃኒት ብቻ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣ ነበር። ያ ለአገሪቱ ስፋት በጣም ብዙ ነው። ማዘዣ በኮምፒውተር እንዲሆን ማድረግና ርካሹን ተመሳሳይ መድኃኒት መጠቀም ትክክል ነበር። ያንን በደስታ እፈርምበታለሁ። ችግሩ በዚያ አለመቆሙ ነው። ብክነቱን የቆረጠው መቀስ ክትትሉንም፣ መርፌውንም፣ የሥራ አጡን መድንም ቆረጠ። ምክንያቱም በሰንጠረዥ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

አይስላንድንም ይመልከቱ። በጥቅምት 2008 ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደቁ። እሷም ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ተበደረች። እሷም ግብር ጨመረች፣ ወጪ ቀነሰች፣ ሆስፒታሎቿም ተነክተዋል። ግን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የሚደግፈውን ሥርዓት አላፈረሰችም። መድን ከሥራ ጋር አብሮ አልጠፋም። ሰው ሥራውን አጥቶ ሐኪሙን አላጣም። ሁለቱ አገሮች በብዙ ነገር ይለያያሉ፣ በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ነገር ግን ዕዳ ያለበት አገር ሁሉ አንድ መንገድ ብቻ እንዳለው ሲነገረኝ አይስላንድ ትዝ ትለኛለች።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ከእርስዎ ሙያ ነው። በጥር 2013 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ኦሊቪየር ብላንቻርድ ከዳንኤል ሊ ጋር አንድ ጥናት አወጡ። በአውሮፓ ቀውስ ጊዜ የወጪ ቅነሳ ኢኮኖሚውን ምን ያህል እንደሚጎዳ የተሠራው ትንበያ ጉዳቱን አሳንሶ እንደነበር ጻፉ። ይህን ያሉት ሐኪሞች አይደሉም። ቅነሳውን ይመክር የነበረው ድርጅት ሰዎች ናቸው። መሳሳትን ማመን ትልቅ ነገር ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን በግምቱ ስሕተትና በእርማቱ መካከል የታመሙ ሰዎች ነበሩ።

አፍሪካ ይህን ቀድማ አይታዋለች። በ1980ዎቹ አበዳሪዎች ለብድር ቅድመ ሁኔታ ባደረጉት «መዋቅራዊ ማስተካከያ» ስም በብዙ አገሮች ለጤና የሚወጣው ተቀነሰ፣ ክፍያ ተጀመረ። ዩኒሴፍ በ1987 ሸክሙ ሕፃናት ላይ እየወደቀ ነው ብሎ በግልጽ ተቃወመ። እኔ ሥራ ስጀምር የዚያ ዘመን ውርስ ገና አልጠፋም ነበር። እናቶች ምጥ ይዟቸው ከበር የሚመለሱበትን ጊዜ አስታውሳለሁ።

«ምን ይደረግ?» ላሉት፣ ከወረቀት ይልቅ የሆነውን ልንገርዎ። ታይላንድ በ1997 ገንዘቧ ወድቆ ከባድ ቀውስ ውስጥ ገባች። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድርም ወሰደች። ለኤችአይቪ መከላከያ የሚወጣው ገንዘብ ተቀንሶ ነበር። ገና ከቁስሏ ሳታገግም፣ በ2002 ምንም መድን ያልነበራቸውን ዜጎች በሙሉ ያካተተ የጤና ሽፋን ጀመረች። ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ነው። ሀብታም አገር አልነበረችም። ለአንድ ሕክምና የሚከፈለው 30 ባት (የአገሪቱ ገንዘብ) ነበር። ከመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ወንድም ጋር ብንሆን ኖሮ «አየሽ፣ እነሱም አስከፍለዋል» ይለኝ ነበር። ልክ ነው፣ አስከፍለዋል። ግን 30ዋ ባት የመጣችው በነፃ ሕክምና ላይ አይደለም። የመጣችው ቤት በሚያሸጥ የሆስፒታል ሂሳብ ምትክ ነው፣ ድሃው ደግሞ እሷንም አይከፍልም ነበር። ገንዘቡ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወረዳ ሆስፒታሎችና ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ነው። በሕክምና ወጪ ምክንያት ወደ ድህነት የሚወርዱ ቤተሰቦች ቁጥር ቀነሰ። 30ዋ ባትም በ2006 ተነሳች። የምታስገኘው ገንዘብ ትንሽ ነበር።

ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎ ሰንጠረዡ ፊት ሲቀመጡ የምለምንዎት ይህን ነው። ክትባትን፣ የነቀርሳና የኤችአይቪ ክትትልን፣ የወሊድ አገልግሎትን፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትን አይንኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀረው እንነጋገር። ስለ መኪናው፣ ስለ ስብሰባው አበል፣ በውድ ስለሚገዛው መድኃኒት ከእርስዎ ጋር ተቀምጬ መስመር በመስመር እሰርዛለሁ።

ለመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ ልጄ፣ ከቀጠሮው ስትመለሱ ጻፊልኝ። የግፊቷን ሁለቱንም ቁጥር፣ የላይኛውንም የታችኛውንም። የመድኃኒቶቹንም ስም ከብልቃጡ ላይ ገልብጠሽ ላኪልኝ።